የድሮው ፋይል ያለ ድሮው ፕሮግራም አይነበብም

በ1980ዎቹ ማብቂያ ወይም በ1990ዎቹ መግቢያ ዓ.ም. በኮምፒውተር የተተየበ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬ በአዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት ገጹን የሚሞላው አማርኛ አይደለም። የላቲን ሆሄያት፣ ቅንፎች፣ የፓውንድና የዶላር ምልክቶች፣ አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የፈረንሳይኛ ፊደላት ተዘበራርቀው ይታያሉ። ባለቤቱ “ተበላሽቷል” ብሎ ይዘጋዋል፤ ቦታ ያጣበበበት እንደሆነም ይደመስሰዋል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችበትም። የጠፋው ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራም፣ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ፎንት፣ ሁለቱን ተሸክሞ የነበረው ኮምፒውተር ነው።

ያንን ኮምፒውተር መልሶ ማግኘት ይቻላል። አሮጌውን ሳጥን ከመጋዘን ፈልጎ ማውጣት አያስፈልግም፤ ዛሬ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ የድሮውን ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ኢሙሌተር ይባላል። በእኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው የፕሌይስቴሽን ጨዋታ በስልክ ለመጫወት ሲፈለግ ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ከጨዋታ የከበደ ጉዳይ አለው፤ የአንድ ትውልድ ጽሑፍ ተመልሶ መነበቡና አለመነበቡ በእሱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከቁጥር ይጀምራል። ኮምፒውተር “ለ”ን አያውቅም፤ የሚያውቀው ለ“ለ” የተሰጠውን ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። እንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ፊደል ተደምሮ 52 ስለሆነ ይህ ይተርፈዋል። የእኛ 33 ፊደላት ግን በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። እነ “ሏ” እና “ቷ”፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥቡ፣ አራት ነጥቡ፣ ድርብ ሰረዙ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋሉ። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩት ባለሙያዎች ብልሃት መፍጠር ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት፤ ጸሐፊው ሳያውቀው አንዱ ፊደል ከዚህኛው፣ ቀጣዩ ከዚያኛው ፎንት እየተመዘዘ አንድ ቃል ይሆናል። ሌሎቹ ፊደሉን ቆራርጠው ግንዱን ከአንድ ቦታ፣ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ከሌላ ቦታ እያመጡ ስክሪኑ ላይ አገጣጠሙት።

ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም የየራሳቸው ሠንጠረዥ ነበራቸው። በአንዱ “መ” የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ፍሎፒ ይዞ ከአንዱ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው የሄደ ሁሉ “ይህ ፎንት እኛ ጋ የለም” የሚለውን መልስ ያውቀዋል። ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የዓለም ኩባንያዎች ለፊደላችን ቦታ ባላሰናዱበት ጊዜ መጽሐፍ እንዲታተም፣ ጋዜጣ እንዲወጣ፣ ቢሮ እንዲሠራ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሥራቸው እንደ ቅርስ ሊጠበቅ ይገባዋል የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰባስበው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ለእኛ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ማይክሮሶፍትም በ2007 ለገበያ ካቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ላከ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከአዲስ አበባ እስከ ቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን እስከ ዱባይ በየትኛውም ስልክ ይነበባል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን ቆሞ ቀረ። የሚያስገርመው በዚያው በጨለማው ዘመን የተጻፈ፣ ግን ዛሬም ያለ ምንም ችግር የሚነበብ አማርኛ መኖሩ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በመደበኛው የላቲን ኪቦርድ በቋሚ ደንብ ለመጻፍ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሥርዓት ነበር፤ በኢሜይል ይጻጻፉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተጠቅመውበታል። ለዓይን ባይመችም ፎንት አይጠይቅም፤ ስለዚህ አላረጀም። የሚያምረው ጽሑፍ ተቆለፈ፤ የማያምረው ተረፈ።

የተቆለፈው ምንድን ነው? በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ታትሞ የወጣው ቢያንስ ወረቀቱ በየቤቱና በወመዘክር ይገኛል። ያልታተመውስ? አሳታሚ ያጣ ልብ ወለድ፣ መድረክ ያላየ ቲያትር፣ የመመረቂያ ጥናት፣ የዕድር ደንብና የአባላት መዝገብ፣ ለውጭ አገር ዘመድ የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ በአንድ ፍሎፒ ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል። የታተመውም ቢሆን አርታኢው የቀነሰው ምዕራፍ፣ ደራሲው ሦስት ጊዜ የቀየረው መጨረሻ በፋይሉ ውስጥ እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ነገ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

“የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ አይደል?” የሚል ይኖራል። አለ፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን መቀየሪያው የሚሠራው ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ሲያውቅ ነው። ፊደሉ ለሁለት ፎንት የተከፈለ ከሆነ አንድ ቁጥር ሁለት ፊደል ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቃሉ በየትኛው ፎንት እንደተቀባ የሚናገረው መረጃ ነው። አንድ ሰው በመሐል ፋይሉን ያለ ፎንት መረጃ፣ ጥሬ ጽሑፍ አድርጎ አስቀምጦት ከነበረ ያ መረጃ የለም። መቀየሪያው ይገምታል፤ ሲሳሳትም አይናገርም። ውጤቱ አማርኛ ይመስላል፤ በመሐሉ ግን አንዱ ስም ተቀይሯል፣ አንዱ የግዕዝ ቁጥር ሥርዓተ ነጥብ ሆኗል፣ ደራሲው ሆን ብሎ በ“ሠ” የጻፈው በ“ሰ” ወጥቷል። ይህን ማን ያርመዋል? የሚያርመው ዋናውን ያየ ሰው ነው። ዋናውን ማየት የሚቻለው ደግሞ ዋናው ፕሮግራም ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢሙሌሽንና ቅየራ ተፎካካሪ አይደሉም፤ ኢሙሌተሩ ለመቀየሪያው ምስክር ነው። ምስክር የሌለውን ቅየራ እኔ አላምነውም።

ፕሮግራሙን በቀጥታ በአዲሱ ኮምፒውተር መጫን ለምን አይቻልም? ለዊንዶውስ 3.1 የተሠሩት ሶፍትዌሮች ባለ 16 ቢት ናቸው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ እነሱን የሚያስተናግድ ክፍል ነበረው፤ ባለ 64 ቢቱ የለውም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው። የመጫኛውን ዲስኬት ቢያስገቡት ፕሮግራሙ በዚህ ኮምፒውተር እንደማይሠራ ይነግርና ያበቃል።

ኢሙሌተር ይህን የሚያልፈው በትዕግሥት ነው። የድሮው ፕሮሰሰር ያውቃቸው የነበሩትን ትእዛዛት አንድ በአንድ ያነሣል፣ ምን ማለት እንደሆኑ ይፈታል፣ በአዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋ ይፈጽማል፤ ከዚያ ቀጣዩን ያነሣል። የማስታወሻ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ኪቦርዱን፣ የስክሪን ካርዱን ሁሉ አስመስሎ ይይዛል። አንዲት የድሮ ትእዛዝ ለመፈጸም በርካታ አዳዲስ ትእዛዛት ያወጣል፤ ፍጥነት ግን አያጥረውም። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር፤ የዛሬው ላፕቶፕ በቢሊዮን ነው የሚቆጥረው።

ፍጥነቱ ራሱ ችግር የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቦርላንድ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ በርካታ የዶስ ፕሮግራሞች ሲነሡ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይለካሉ። በ55 ሚሊሴኮንድ ውስጥ አንድ ባዶ ዙር ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ይቆጥሩና ለ55 ያካፍሉታል፤ ያገኙትን ቁጥር በኋላ “አንድ ሚሊሴኮንድ ቆይ” ለማለት ይጠቀሙበታል። ለዚያ ቁጥር የተመደበለት ቦታ ከ65,535 በላይ አይችልም። ፕሮግራሙ በተጻፈበት ዘመን ማንም እዚያ አይደርስም ነበር። ፔንቲየሞች 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲደርሱ ግን ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጤነኛ የነበረው ፕሮግራም ገና ሳይከፈት “ራንታይም ኤረር 200” ብሎ ይዘጋ ጀመር። ስህተቱ ለዜሮ ማካፈል ተብሎ ይታወቃል እንጂ ማንም ለዜሮ አላካፈለም፤ ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ነው። ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ሲጫኑ ይቀዘቅዛል፣ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ሲጫኑ ይፈጥናል። ዘመናዊውን ኮምፒውተር ፕሮግራሙ እስኪረጋጋ ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ኢሙሌሽን የሰነፍ ወይም የሌባ ሥራ የሚመስለው ታሪኩን ይወቅ። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360ን ሲያወጣ 1401 የተባለው የቀድሞ ኮምፒውተሩ ደንበኞች ፕሮግራሞቻቸውን እንዳይጥሉ አዲሱ ማሽን አሮጌውን እንዲያስመስል አድርጎ ነው። በ1975 ቢል ጌትስና ፖል አለን አልቴር ለተባለው ኮምፒውተር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንሠራለን ብለው ቃል ሲገቡ አልቴሩን በዓይናቸው አላዩትም፤ ውስጡ ያለው የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርም በእጃቸው አልነበረም። አለን በሃርቫርድ በነበረው ፒዲፒ 10 ኮምፒውተር ላይ 8080ን የሚያስመስል ፕሮግራም ጻፈ፤ ጌትስ በዚያ ላይ ቤዚኩን ሠራ። አለን በቀዳዳ የተጻፈበትን የወረቀት ጥቅልል ይዞ ወደ አልበከርኪ በረረ፤ ፕሮግራሙ እውነተኛው አልቴር ላይ ተጭኖ ሠራ። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የቆመው በኢሙሌተር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፕልም እንዲሁ ነው። በ1994፣ በ2006 እና በ2020 የፕሮሰሰር ዓይነት በለወጠ ቁጥር የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ መሸጋገሪያ አዘጋጅቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መሸጋገሪያዎቹ በኋላ መወገዳቸው ነው። የ2006ቱ ሮዜታ በ2011 ከሲስተሙ ወጣ። የ2020ውም ዕድሜው እያለቀ መሆኑን ኩባንያው በ2025 አስታውቋል። የኩባንያ ኢሙሌተር የሚኖረው ለሽያጩ እስከጠቀመ ድረስ ነው። ረጅም ዕድሜ ያላቸው በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩትና ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነው ናቸው፤ ከ1997 ጀምሮ የጨዋታ ቤት (አርኬድ) ማሽኖችን የሚያስመስለው ማሜ፣ ከ2002 ጀምሮ ያለው ዶስቦክስ። ሁለቱም ለጨዋታ የተወለዱ ናቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ በ2015 መጀመሪያ ወደ 2,400 የሚጠጉ የዶስ ጨዋታዎችን ማንም ሰው በብሮውዘሩ እንዲከፍት ያደረገው በዶስቦክስ ነው። ለጨዋታ ወዳጆች ምስጋና ይገባቸዋል፤ የእነሱ ድካም ባይኖር ዛሬ ለጽሑፍ የምንጠቀምበት መሣሪያ አይኖርም ነበር።

ለጽሑፍ የተጠቀሙበትን ሁለት ጉዳዮች ላንሣ። ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ መዝገቡን ለአሜሪካው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ሲያስረክብ ከወረቀቱ ጋር የግል ኮምፒውተሮቹም ነበሩበት። ዩኒቨርሲቲው ፋይሎቹን አትሞ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ያ አልበቃውም፤ ከኮምፒውተሮቹ አንዱን፣ የ1990ዎቹን ማኪንቶሽ፣ በኢሙሌተር እንዳለ አስነሣው። በ2010 ለሕዝብ ሲከፈት አንባቢ ተቀምጦ ደራሲው ያየው የነበረውን ስክሪን፣ በራሱ እጅ የደረደራቸውን ፎልደሮች አየ። ደራሲ ሥራውን እንዴት እንደሚያደራጅ ማወቅ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ወርድስታር የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም የመጨረሻ የዶስ እትሙ የወጣው በ1992 ነው፤ ዛሬ የሚሸጠውም ሆነ የሚጠግነው የለም። ካናዳዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ሮበርት ሶየር መጻሕፍቱን የሚጽፍበት ግን በእሱ ነው። በ2024 ፕሮግራሙን ከኢሙሌተሩ፣ ከተዘጋጀ አቀማመጡና ስካን ከተደረገ የመመሪያ መጽሐፉ ጋር በአንድ ጥቅል አዘጋጅቶ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ አቀረበ። አንድ ሰው ነው ይህን ያደረገው። የአማርኛ ሶፍትዌሮቻችን የሚያስፈልጋቸው ልክ ይህ ዓይነት ጥቅል ነው፤ ፕሮግራሙ፣ ፎንቶቹ፣ የኪቦርዱ አቀማመጥ የታተመበት ወረቀት፣ የሚያስነሣው ኢሙሌተር፣ ሁሉም በአንድ ላይ። የኪቦርዱን ወረቀት አቅልላችሁ አትዩት። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚያሳየው እሱ ከሌለ በድሮው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቃል መፈለግ እንኳ ያስቸግራል።

ሥራው በተግባር ይህን ይመስላል። የፕሮግራሙ ዲስኬቶች በሙሉ ወደ ምስል ፋይል ይገለበጣሉ፤ አንድ ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬት በትክክል 1,474,560 ባይት ይወጣዋል። ዶስቦክስ ውስጥ እንደ ሲ ድራይቭ የሚያገለግል ፎልደር ይከፈታል፤ በእሱ ላይ ዊንዶውስ 3.1፣ በዚያ ላይ የአማርኛው ፕሮግራም ይጫናል። ለዊንዶውስ 95 ወይም 98 የተሠራ ከሆነ የኮምፒውተሩን ቦርድና ካርድ ሳይቀር የሚያስመስለው 86ቦክስ ይሻላል፤ ከባድ ነው፣ ግን ታማኝ ነው። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው እንደ ተጻፈው ይመጣል፤ ርዕሱ በመሐል፣ ሠንጠረዡ በመስመሩ፣ የግርጌ ማስታወሻው በቦታው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ወደ ዘመናዊው ኮምፒውተር መለጠፍ ግን አይሠራም፤ የሚሻገረው ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ያው ዝብርቅርቅ ይመለሳል። መላው ማተም ነው። ዊንዶውስ 3.1 ውስጥ የፖስትስክሪፕት ፕሪንተር ይጫንና በወረቀት ፈንታ ወደ ፋይል እንዲያትም ይታዘዛል። የሚወጣው ፋይል የፊደሎቹን ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ ጎስትስክሪፕት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፒዲኤፍ ይሆናል። ይህ ፒዲኤፍ ነው ምስክሩ። ከዚያ በኋላ የዩኒኮድ መቀየሪያው ያወጣውን ጽሑፍ ከጎኑ አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማመሳከር ይቻላል።

የሕግ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ሕገ ወጥ አለመሆኑን የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 ሶኒ የኢሙሌተር ሠሪውን ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ ለኮኔክቲክስ በመፍረድ አሳይቷል። በኢሙሌተሩ ውስጥ የሚነሣው ሶፍትዌር ግን ባለቤት አለው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ቅጂ የሚያደርጉበትን፣ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰውም መጠባበቂያ ቅጂ የሚኖረውን ውሱን በር ከፍቷል። ለሕዝብ ማሠራጨት ከዚያ ያልፋል፤ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ሶፍትዌር ታሪክ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላም፤ ከሠሩት ብዙዎቹ በአዲስ አበባም በአሜሪካም በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። የድሮው እትማቸው ዛሬ ገበያ የለውም። “ይህን እትም ለጥበቃና ለንባብ ተጠቀሙበት” የሚል አንድ ገጽ የተፈረመ ደብዳቤና የፊደሎቻቸውን የቁጥር ሠንጠረዥ ቢሰጡ፣ ወመዘክርም ሆነ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎ ሥራውን ቢጀምር፣ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ለዚህ ሥራ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ኮምፒውተርና ሁለት የበቁ ባለሙያዎች ይበቃሉ። ሠንጠረዡን በእጁ የሠራው ሰው ባለበት ጊዜ መጠየቅ፣ ከእሱ በኋላ ከፎንቱ ቅርጽ እየገመቱ ከመፍታት እጅግ ይቀላል።

ማተሚያ ቤቶችና አሳታሚዎችም ድርሻ አላቸው። በመሳቢያቸው የተከማቸው ዲስኬት የራሳቸው ታሪክ ነው። ሶኒ ፍሎፒ ማምረቱን ያቆመው በ2011 ነው፤ ያሉት ዲስኬቶች ማግኔታቸው በየዓመቱ ይደክማል፣ እርጥበትና አቧራ ደግሞ ያፋጥነዋል።

በቤቱ ዲስኬት ያለው አንባቢ እስከዚያው ድረስ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ይፈልግ። ዲስኬቱን ከማስገባቱ በፊት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍቶ ቀዳዳዋን ይክፈት፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመገልበጥ ይልቅ የዲስኬቱን ሙሉ ምስል ይውሰድ፤ የፎንቱና የፕሮግራሙ ዲስኬቶችም አብረው ይወሰዱ፤ በላያቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውም ፎቶ ይነሣ። ዊንዶውስ ዲስኩ ፎርማት እንዳልሆነ ነግሮ “አሁን ፎርማት ላድርገው?” ብሎ ከጠየቀ እሺ እንዳይለው፤ ዲስኬቱን አውጥቶ በሌላ ማንበቢያ እንደገና ይሞክረው።